የፀሐይ ሙቀትን ለውኃ ማሞቂያ መጠቀም
ለወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ለጤና ኬላዎችና ለመኖሪያ ቤቶች

መግቢያ

ወተት የሚሰበስቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚያጋጥሟቸው ኪሳራዎች አንዱ፣ ከአባላት ተሰብስቦ ወደ ማቀነባበሪያ የተላከው ወተት ኮምጥጧል ተብሎ መመለሱ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በላሟ፣ በመኖው ወይም በመንገዱ ርቀት ይሳበባል። ነገር ግን ወተቱ የተጓዘበትን ዕቃ ከፍቶ ክዳኑን ከውስጥ በኩል በጣቱ ያበሰ ሰው፣ እጁ ላይ የሚቀረውን ቅባት አይቶ ምክንያቱን ሊረዳ ይችላል። ዕቃው የታጠበው በቀዝቃዛ ውኃ ነው። የወተት ቅባት በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም። በዕቃው ግድግዳ ላይ የሚቀረው ስስ ሽፋን ለባክቴሪያ ምቹ መራቢያ ይሆንና በማግስቱ የሚጨመረውን ትኩስ ወተት ገና ከመነሻው ይበክለዋል።

ሙቅ ውኃ ለምን እንደማይጠቀሙ የማኅበራቱ ሠራተኞች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለያይም፤ እንጨት የለም፣ ቢገኝም ውድ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። በሰላሌም ሆነ በደብረ ብርሃን አካባቢ የባሕር ዛፍ እንጨት ለገበያ የሚቀርብ ሀብት እንጂ በነፃ የሚለቀም ነገር አይደለም። ኩበቱም ቢሆን ለማሳው ቢቀር ይመረጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በወተት መሰብሰቢያው ጣሪያ ላይ ሙሉ ቀን የሚያርፈው የፀሐይ ሙቀት ያለ ጥቅም ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሙቀት ውኃ ለማሞቅ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል፣ መጠኑ እንዴት እንደሚሰላና መሣሪያው በምን ምክንያት እንደሚበላሽ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ማስረዳት ነው። ከፀሐይ ስለሚገኝ ኤሌክትሪክም አጠር አድርገን እናነሳለን። የምናነሳበትም ምክንያት ሁለቱን አንድ አድርገው በማየት የአባላትን ገንዘብ ለማይሆን ዕቃ የሚያወጡ ማኅበራት በመኖራቸው ነው።

ሙቀት ለሙቀት፣ ኤሌክትሪክ ለብርሃን

ከፀሐይ የምናገኘውን ኃይል በሁለት መንገድ መጠቀም ይቻላል። አንደኛው፣ ጥቁር ቀለም በተቀባ የብረት ወይም የመዳብ ገጽ ላይ ሙቀቱን ሰብስቦ በቀጥታ ወደ ውኃ ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛው፣ በተለምዶ ሶላር በሚባለው ሰሌዳ አማካይነት ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ፣ ማለትም ሙቀት ሰብሳቢው፣ ከሚያርፍበት ኃይል ግማሽ ያህሉን ለውኃው ያደርሳል። ጥሩ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ግን ከአንድ አምስተኛ ብዙም የማይበልጠውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሊትር ውኃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ እንዲል አንድ ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። አንድ ማኅበር በቀን 100 ሊትር ውኃ ከ18 ዲግሪ ወደ 58 ዲግሪ ማሞቅ ቢፈልግ፣ 100 በ40 ተባዝቶ 4,000 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል ማለት ነው። 860 ኪሎ ካሎሪ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ይህ ወደ 4.65 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል።

በአገራችን በአብዛኛው ቦታ፣ የዓመቱ አማካይ ሲወሰድ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየቀኑ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ዝቅተኛውን፣ ማለትም 5ን ብንይዝ፣ የሁለት ካሬ ሜትር ሙቀት ሰብሳቢ በቀን 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቀበልና ግማሹን፣ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ለውኃው ይሰጣል። ሥራው ተሟላ ማለት ነው። ይህንኑ ሥራ በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ለመሥራት ግን ባለ 100 ዋት ሰሌዳ ከ12 ያላነሰ ያስፈልጋል፤ ባትሪውና ሌላው ዕቃ ገና ሳይቆጠር ነው። ስለሆነም ሻጭ ቀርቦ «ይህ ሶላር መብራትም ይሰጣል፣ ውኃም ያሞቃል» ሲል፣ ሠራተኛው የሰሌዳውን ዋት ጠይቆ ይህንኑ ስሌት በወረቀት ላይ ማሳየት ይገባዋል።

እንጨቱንም እናስላ። በደንብ የደረቀ እንጨት በኪሎ ወደ 3,500 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት አለው። ሆኖም በሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ የሚሆነው ብቻ ወደ ድስቱ ይገባል፤ የቀረው ከጢሱ ጋር ይሄዳል። በዚህ ስሌት ለ100 ሊትር ውኃ በየቀኑ ከ8 እስከ 11 ኪሎ እንጨት ይነዳል። ዝቅተኛው እንኳ ቢወሰድ በዓመት ወደ 3 ቶን ይጠጋል። ማኅበሩ በአካባቢው ያለውን የእንጨት ዋጋ በዚህ ላይ ቢያባዛ መሣሪያው ስንት ዓመት ውስጥ ዋጋውን እንደሚመልስ ራሱ ሊያውቅ ይችላል።

የመሣሪያው አሠራር

አሠራሩ አዲስ አይደለም። የስዊዙ ሳይንቲስት ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲዩር እ.ኤ.አ. በ1767 መስታወት የተገጠመለት ሳጥን ፀሐይ ላይ አኑሮ በውስጡ ከ100 ዲግሪ በላይ ሙቀት ማግኘት ችሏል። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ በውስጡ ያለው ጥቁር ገጽ ሲሞቅ የሚመልሰውን ሙቀት ግን በቀላሉ አያስወጣም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የተባለ ሰው ጥቁር ቀለም የተቀባ የውኃ ጋን በእንዲህ ዓይነት ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ለሽያጭ አቀረበ። የኬምፕ ማሞቂያ አንድ ጉድለት ነበረበት። ቀን የሞቀው ውኃ ማታ እዚያው መስታወት ሥር ስለሚያድር ሲነጋ ቀዝቅዞ ይገኛል። ዊሊያም ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1909 መፍትሔ ያገኘለት ለዚህ ነው፤ ውኃ የሚሞቅበትን ክፍል ከሚጠራቀምበት ለየና ማጠራቀሚያውን ሙቀት በማያስወጣ ነገር ሸፈነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ የምናያቸው ማሞቂያዎች፣ እንዲሁም በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዱድ ሼሜሽ» እያሉ የሚጠሯቸው፣ ሁሉም በዚሁ ሐሳብ የተሠሩ ናቸው። በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ይህ መሣሪያ እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል።

በሙቀት ሰብሳቢውና በማጠራቀሚያው መካከል ውኃው የሚዘዋወረው ያለ ፓምፕ ነው። የሞቀ ውኃ ስለሚቀልል ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ፀሐይ እስካለች ድረስ ይህ ዝውውር በራሱ ይቀጥላል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ገጠር መሣሪያው የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚሞክረውን አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ይኸውም ባለ 200 ሊትር በርሜል ጥቁር ቀብቶ፣ በሳጥን ውስጥ አጋድሞ፣ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ማልበስ ነው። ውኃው ይሞቃል፤ ግን የሚያገኘው ሙቀት ከ2,000 ኪሎ ካሎሪ ስለማያልፍ፣ ለ200 ሊትር ሲካፈል ጭማሪው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። 18 ዲግሪ የነበረው 28 ይሆናል ማለት ነው። ለእጅ መታጠቢያ ደግ ነው፤ ቅባት ግን አያለቅም። ለአንድ ካሬ ሜትር መስታወት ሊያዝ የሚገባው ውኃ ከ50 እስከ 60 ሊትር ነው። በአነስተኛ ዕቃ ላይ ሲሠራ ይኸው የበርሜል ዘዴ ለአንድ ቤተሰብ የሚጠላ አይደለም።

ስለ አተካከሉ

ሙቀት ሰብሳቢው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ዘንበል ማለት አለበት። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ብትሆንም ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ በሁለቱም በኩል ትመጣብናለች። በሰኔ ወር እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የቆመ ሰው ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ሰሜን። ትንሽ ወደ ደቡብ ማዘንበሉ ብርድ በሚበዛባቸውና ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ይጠቅማል፤ ክረምቱንም ብዙ አይጎዳም። ለሰሜን አገሮች ተብለው የተሠሩ ማቆሚያዎች እስከ 45 ዲግሪ ቀጥ ብለው የሚመጡበት ጊዜ አለ። እግራቸውን አሳጥሮ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ፈጽሞ ጠፍጣፋ አድርጎ ማስቀመጥም አይገባም፤ አቧራው በዝናብ አይታጠብም፣ ውኃውም በደንብ አይዘዋወርም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የማጠራቀሚያው ከፍታ ነው። የማጠራቀሚያው ታችኛ ጫፍ ከሙቀት ሰብሳቢው ላይኛ ጫፍ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እኩል ወይም ዝቅ ቢል ማታ ዝውውሩ ይገለበጥና ቀን የተሰበሰበው ሙቀት ወደ ሰማይ ይመለሳል። ይህ የሆነበት ማኅበር «ማታ ሙቅ ነበር፣ ጠዋት ቀዘቀዘ» ብሎ ስሞታ ያቀርባል። ከሙቀት ሰብሳቢው አናት ተነስቶ ወደ ማጠራቀሚያው የሚሄደው ቱቦም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽቅብ መሄድ ይኖርበታል። መሐል ላይ ጎበጥ ያለ ቦታ ካለ አየር እዚያ ይጠራቀምና ውኃው ቆሞ ይቀራል። የቱቦው ስፋት ከሦስት አራተኛ ኢንች ማነስ የለበትም፤ መታጠፊያውም ጥቂት ይሁን። ቀዝቃዛው ውኃ ወደ ማጠራቀሚያው ከታች ይገባል፣ ሙቁ ከላይ ይቀዳል።

ማጠራቀሚያውን ለመሸፈን የሚያገለግል ነገር ከገበያ ቢገኝ ጥሩ ነው። ካልተገኘ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጭድ በጆንያ ተጠቅጥቆ ከውጭ በቆርቆሮ ቢሸፈን ያገለግላል። እዚህ ላይ «ደረቅ» የምንለው ቃል ትልቅ ትርጉም አለው፤ የረጠበ ጭድ ሙቀት አይይዝም፣ ይበሰብሳል፣ አይጥም ይራባበታል። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ተከፍቶ መታየት አለበት።

200 ሊትር ውኃ ብቻውን 200 ኪሎ ይመዝናል። በባሕር ዛፍ አጠና ላይ የተመታ የቆርቆሮ ጣሪያ ይህን አይችልም። እንዲህ ባለ ቤት ላይ ከመጫን ይልቅ ከቤቱ አጠገብ ራሱን የቻለ ማማ ማቆም ይሻላል።

ስለ ውርጭና ስለ ውኃው ጠባይ

በደብረ ብርሃንና በመሳሰሉት ከፍተኛ ቦታዎች ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ይጥላል። ሙቀት ሰብሳቢው ፊቱ ወደ ሰማይ ስለሆነ በጠራ ሌሊት ከአየሩም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በዚህ ምክንያት አየሩ ዜሮ ዲግሪ ሳይደርስ በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ሊረጋና ቱቦውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ማታ ማታ ሙቀት ሰብሳቢውን በድርብ ጆንያ ወይም በሰሌን ሸፍኖ ጠዋት ማንሳት ቀላል መከላከያ ነው። አስተማማኙ ግን ከማጠራቀሚያው የሚለይ መዝጊያና ከታች ማፍሰሻ አስገጥሞ በውርጭ ወራት ማታ ውኃውን ከሙቀት ሰብሳቢው ማውጣት ነው።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለው ችግር ሌላ ነው። ውኃው ጨው የበዛበት ከሆነ ሲሞቅ በቱቦው ውስጥ ነጭ ድንጋይ የመሰለ ነገር ይጋግራል። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይህን የሚያይ ቤተሰብ በማሞቂያውም ውስጥ እንደሚያገኘው መጠበቅ አለበት። የዝናብ ውኃ ከጣሪያ አጠራቅሞ ለማሞቂያው መጠቀም ከሁሉ ይበልጣል። በዚያው አካባቢ ጥርስ የሚያበላሸውና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ በማሞቅም በማፍላትም አይወገድም። ከማሞቂያው የሚወጣ ውኃ ተጣርቷል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ይህን ቀደም ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከቻይና የሚመጡት ባለ መስታወት ቱቦ ማሞቂያዎች ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት ይገኛሉ። በቱቦዎቹ መካከል ያለው አየር ስለተመጠጠ በብርዳማ ቦታ ከጠፍጣፋዎቹ ይበልጥ ያሞቃሉ። ሆኖም ውኃ ተቋርጦ ባዶአቸውን ፀሐይ ላይ ከዋሉ በኋላ በእኩለ ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ቢለቀቅባቸው ይፈነዳሉ። ውኃ በሚቆራረጥበት ከተማ የሚበዛው ብልሽት ይኸው ነው። ውኃው ሲመለስ እስኪመሽ ወይም እስኪነጋ ጠብቆ መሙላት ያስፈልጋል። እኛ ለገጠር ማኅበር የምንመክረው ጠፍጣፋውን ነው፤ ቢቀደድ በአቅራቢያ ያለ በያጅ ሊጠግነው ይችላል።

በወተት መሰብሰቢያ

ለአንድ ባለ 40 ሊትር የወተት ዕቃ 5 ሊትር ሙቅ ውኃ ብንይዝ፣ 20 ዕቃ ያለው ማኅበር በቀን 100 ሊትር ያስፈልገዋል። ከላይ ያሰላነው የሁለት ካሬ ሜትር መሣሪያ ለዚህ ይበቃል። ነገር ግን መጠኑ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሰዓቱም መታሰብ አለበት። ውኃው ከሁሉ ይበልጥ የሚሞቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ወተት የሚሰበሰበው ደግሞ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት ለዕቃ ማጠቢያ የሚያገለግለው ውኃ ትናንት የሞቀው ነው። ማጠራቀሚያው በደንብ ካልተሸፈነ የወተት ማኅበሩ መሣሪያ ትርጉም የለውም ማለት ነው። የማታም ወተት የሚቀበል ማኅበር ከሆነ፣ ማታ ሁሉንም ውኃ ጨርሶ ጠዋት ባዶ እጁን እንዳይቀር ውኃውን ከፍሎ መጠቀም አለበት።

አስተጣጠቡም ሥርዓት አለው። ዕቃው ወተቱ እንደተገለበጠ ወዲያው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ይለቀለቃል። በመጀመሪያ ሙቅ ውኃ ማፍሰስ የወተቱን ፕሮቲን በዕቃው ግድግዳ ላይ ያበስለውና በኋላ በብሩሽም አይለቅም። ከተለቀለቀ በኋላ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሆነ ውኃና ሳሙና፣ በብሩሽ፣ ክዳኑና ጎማው ሳይቀር ይታሸል። ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቅና በቆጥ ላይ አፉን ወደ ታች አድርጎ ይደፋል። በጨርቅ መወልወል አያስፈልግም፤ ጨርቁ ራሱ ያጠበውን መልሶ ያቆሽሻል። ጠባብ አፍ ያለው የዘይት ጀሪካን ግን ሙቅ ውኃም ሆነ ፀሐይ አያድነውም። እጅ አይገባበትም፣ ውስጡም ቶሎ ስለሚጫጫር ቅባቱ በጭረቱ ውስጥ ይደበቃል። ማኅበሩ ለማሞቂያ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ጀሪካኑን ቢቀይር እንመርጣለን።

ዕቃውን ከባክቴሪያ ለማጽዳት 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ውኃ ወይም በመመሪያው መሠረት የተበጠበጠ የክሎሪን መድኃኒት ያስፈልጋል። የፀሐይ ማሞቂያ እዚህ ላይ በየቀኑ አያደርስም። ይሁን እንጂ 20 ሊትር ውኃ ከ60 ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ 600 ኪሎ ካሎሪ ሲበቃ፣ ከ18 ዲግሪ ለሚነሳው 1,440 ያስፈልጋል። እንጨቱ ከግማሽ በታች ይሆናል። (ከፍታው 2,400 ሜትር በሆነ ቦታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 100ን መጠበቅ አያስፈልግም።)

በጾም ወራት የወተት ገበያ ስለሚቀዘቅዝ አንዳንድ ማኅበራት የዕቃ ማጠቢያውንም ያቀዘቅዛሉ። እንዲያውም ወተቱ ለቅቤና ለአይብ የሚውልበት ጊዜ ስለሆነ የሚታጠበው ቅባታም ዕቃ ይበዛል።

በጤና ኬላና በመኖሪያ ቤት

በጤና ኬላ የወለደች እናትን ለማጠብ፣ አንሶላ ለመዘፍዘፍና ለባለሙያዎቹ እጅ ሙቅ ውኃ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። 60 ዲግሪ የሆነ 20 ሊትር ውኃ 18 ዲግሪ ከሆነ 20 ሊትር ጋር ሲቀላቀል 39 ዲግሪ የሆነ 40 ሊትር ይሆናል። ለሰውነት መታጠቢያ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሁልጊዜ ቀዝቃዛው አስቀድሞ ከባልዲው ይግባ፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ የሕፃን ገላ በጥቂት ሴኮንድ ያቃጥላል። የሕክምና መሣሪያ ማምከን ግን በግፊት 121 ዲግሪ የሚደርስ እንፋሎት ስለሚፈልግ የዚህ መሣሪያ ሥራ አይደለም። ከማሞቂያው የሚወጣ ውኃም ለመጠጥ አይሰጥ። ለቀናት ለብ ብሎ የቆየ ውኃ ጎጂ ባክቴሪያ ሊያራባ ስለሚችል፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይቀዳ የቆየ ማጠራቀሚያ ፈስሶ እንደገና መሞላት አለበት።

በቤት ውስጥ 100 ሊትር ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ከዚህ በላይ የምንለው ብዙ የለም።

ስለ ክረምት

በሐምሌና በነሐሴ በደጋ ያለ መሣሪያ ውኃውን ለብ ከማድረግ የማያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ይህን ለአባላት አስቀድሞ መንገር የልማት ሠራተኛው ግዴታ ነው። በጥር ሲገዙ ዓመቱን ሙሉ እንጨት ይቀራል ተብሎ የተነገራቸው ሰዎች በሐምሌ መሣሪያውን ትተውት ወደ ጉልቻው ይመለሳሉ። 18 ዲግሪ የነበረው ውኃ 35 ደርሶ ወደ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ቢገባ ግን ወደ 58 ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሙቀት ከመቶ ከ40 እጅ በላይ ተቀንሷል። ስለዚህ ምድጃውና ማሞቂያው አንድ ላይ መታቀድ አለባቸው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ሰሌዳ

ሰሌዳው ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለክትባት ማቀዝቀዣና ለውኃ ፓምፕ ተገቢ መሣሪያ ነው። አንድ የማኅበር ጽሕፈት ቤት አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢያበራ 100 ዋት ሰዓት ይሆናል። አሥር ስልክ ሲሞላ ወደ 100 ይጠጋል። ለዚህ በጠቅላላው 200 ዋት ሰዓት፣ የደመና ቀን ታስቦ፣ ከ80 እስከ 100 ዋት ያለው ሰሌዳ ይበቃል። ባትሪው ለሁለት ቀን እንዲያገለግልና ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ከተፈለገ ባለ 12 ቮልት 70 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም፤ ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ በተደጋጋሚ ሲራቆት ቶሎ ይሞታል። የክትባት ማቀዝቀዣ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን መቀጠል ፈጽሞ አይፈቀድ፤ የሚበላሸው ክትባት የሕፃናት ነው።

በአገራችን የመንደር የፀሐይ ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተሞክሯል። ለወተት ማኅበራት ትምህርት የሚሆነው በሰሜን ሸዋ ያለው የሬማ መንደር ነው። እዚያ ከእ.ኤ.አ. 2006 አካባቢ ጀምሮ ከ1,000 በላይ ለሆኑ ቤቶች አነስተኛ ሰሌዳዎች ሲተከሉ፣ የሚጠግኑ ሰዎችም በዚያው እንዲሠለጥኑና ተጠቃሚዎች ለጥገና በየወሩ እንዲከፍሉ ተደርጓል።

ስለ አያያዝና ስለ ገንዘቡ

ጠጋኙና የጥገናው ገንዘብ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት መታወቅ አለባቸው። ማኅበሩ ከሚረከበው ከእያንዳንዱ ሊትር ወተት ላይ ጥቂት ሳንቲም ቀንሶ በተለየ ሒሳብ ቢያስቀምጥ፣ መስታወት ሲሰበር ወይም ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚቆየው የእርሳስ ባትሪ ሲያልቅ ስብሰባ መጥራት አያስፈልገውም። ይህ ገንዘብ ለመኖ መግዣ ለጊዜው ይወሰድ የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ቢከለከል ለሊቀ መንበሩም ሆነ ለገንዘብ ያዡ መከራከሪያ ይሆናቸዋል።

ቦታው ሲመረጥና የቧንቧው ከፍታ ሲወሰን ዕቃ የሚያጥቡት ሴቶች መጠየቅ አለባቸው። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቧንቧውን ከቢሮው በር ላይ ያስገጥመዋል፤ ዕቃው የሚታጠበው ግን ከጓሮ ነው። ሙቁ ውኃ በባልዲ ሲመላለስ ይቀዘቅዛል፣ ከሳምንት በኋላም ማንም አያመላልሰውም።

ኃላፊ የሚሆኑት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቢሆኑ፣ ሁለቱም ቢሠለጥኑ ይመረጣል፤ አንዱ ቢታመም ወይም ወደ ከተማ ቢሄድ ሥራው አይቆምም። መስታወቱን በየሳምንቱ ማለዳ፣ ገና ሳይሞቅ፣ በውኃና በጨርቅ መጥረግ፣ በወር አንድ ጊዜ ከማጠራቀሚያው ሥር ያለውን ዝቃጭ ማፍሰስ፣ መዝጊያዎቹ እንዳያንጠባጥቡ ማየትና የውኃውን ሙቀት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በቴርሞሜትር እየለኩ መመዝገብ የእነርሱ ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት በጠራ ቀን እየቀነሰ ከመጣ መስታወቱ ቆሽሿል ወይም ቱቦው ተጋግሯል። ከሰዓት በኋላ ያለው ደህና ሆኖ የጠዋቱ ብቻ ከወረደ ጉድለቱን በጭዱ ወይም በማጠራቀሚያው ከፍታ መፈለግ ነው። ያለቀ የእርሳስ ባትሪ በጓሮ አይጣል፣ ሕፃናትም አይክፈቱት፤ ወደ ከተማ ተወስዶ ለሚገዙት ነጋዴዎች ይሸጥና ገንዘቡ ወደ ጥገናው ሒሳብ ይግባ።